ደመኞች በአንድ ታንኳ

እታፈራሁ ባሏን የገደለው ሰው ሚስት ማጅራት ላይ ዓይኗን ተክላ ትቀዝፍ ነበር።

ማጅራቱ የበላይነሽ ነው። በላይነሽ ጀርባዋን ሰጥታ ከታንኳው ፊት ተቀምጣለች፤ ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት እስከ አንገቷ አጥብቃ አስራለች። እታፈራሁ መቅዘፊያዋን ውሃ ውስጥ በነከረች ቁጥር በሻሹና በጃኬቱ መካከል የቀረችውን የአራት ጣት ስፋት ሥጋ ታያለች። ካሳሁንንም አካፋው ያገኘው እዚያው ቦታ ላይ ነበር።

ነገሩ አራት ዓመት ሆኖታል። ግራና መንደር ውስጥ፣ በመስኖ ተራ የተነሳ ነው። ያን ለት ማለዳ ውሃው የካሳሁን ነበር፤ የበላይነሽ ባል ደጀን ግን ቦዩን ሰብሮ ወደ ራሱ ሽንኩርት መለሰው። ካሳሁን ጎንበስ ብሎ ቦዩን በጭቃ ሲደፍን ደጀን ከኋላው መጥቶ አካፋውን አሳረፈበት። አንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ንዴት ነው ይባል ነበር። ሦስት ጊዜ መታው። እታፈራሁ ቁርሱን ይዛ ስትደርስ ውሃው ቀልቶ በሽንኩርቱ መካከል ይፈስ ነበር። ደጀን በዚያው ወደ አፋር ቆላ ወረደ፤ ጅቡቲ ታየ ተባለ፣ ባሕር በላው ተባለ፣ እስከ ዛሬ ሬሳውም ወሬውም አልመጣም። ከቤቱ የቀረው ወንድ አንድ ልጁ አብርሃም ነው። ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሞላው።

አሥራ ስምንት የሞላው ወንድ ደግሞ ለደም ይበቃል።

ሁለቱን ሴቶች በአንድ ታንኳ ያስቀመጠችው ህሊና ናት። ህሊና ወልድያ ተወልዳ ካናዳ የተማረች ልጅ ናት፤ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም። ከግራና በታች ባለው ግድብ ላይ አምስት ታንኳ አምጥታ፣ ጦርነቱ ያደቀቃቸውን የሀብሩ ወረዳ ሴቶች ሦስት ሦስት ቀን እያወጣች ታስቀዝፋለች። ወንድ የለም፣ ልጅ የለም፣ ስልክ የለም፤ ድንኳንና ውሃ ብቻ። ቀበሌው የስም ዝርዝር ይሰጣታል። የመርሳ ወንዶች ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ሴት ውሃ ቀድታ ትመለሳለች እንጂ ውሃ ላይ ወጥታ ምን ትሠራለች?» አሉ። ህሊና ራሷም አንዳንዴ መልሱ ይጠፋባት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ስምንቱን ሴቶች ዳር ላይ አሰልፋ በክብደት አጣመረቻቸው። «ከፊትና ከኋላ ያሉት ካልተመጣጠኑ ታንኳው አንገቱን ይደፋል» አለችና በእጇ ጠቆመች። «እትዬ በላይነሽ ከፊት፣ እትዬ እታፈራሁ ከኋላ።»

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። እዚያ ከቆሙት መካከል ይህን ደም የማያውቅ ሰው ቢኖር ህሊና ብቻ ነበረች።

የመርሳዋ ጨርቅ ነጋዴ ዙልፋ አጠገቧ ያለችውን ሴት በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ንገሪያት እንጂ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? አንቺ ንገሪያት።»

«እንግዳ እኮ ናት። ከሰው አገር ድንኳን ተሸክማ መጥታ፣ ገና እግሯን ሳትዘረጋ ደም አለባቸው ልበላት? ፊቷን አታይም እንዴት ደስ እንዳላት?»

«እንግዲያው ራሳቸው ይናገሩ።»

ራሳቸውም አልተናገሩም። በላይነሽ እታፈራሁ ትበል ብላ ጠበቀች፤ እታፈራሁ በላይነሽ ትበል ብላ። አንዷ ቀድማ «ከሷ ጋር አልቀመጥም» ብትል የሰው ድግስ ያፈረሰችው እሷ ልትሆን ነው። በይሉኝታ ተሳፈሩ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ምግቡ ለአንድ ታንኳ አንድ ሳህን ሆኖ ቀረበ። ደም ያለባቸው ሰዎች እርቅ ሳይወርድ ከአንድ ሳህን አይበሉም፣ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። ሽሮው በመካከላቸው ቀዘቀዘ። ህሊና ግን አልገረማትም። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ወር ገጥመውባት ቀኑን ሙሉ የሚበላላት ሰው አጥታ ስለዋለች፣ አለመብላት የአገሩ ሥራ መስሏታል።

«እርስዎም አይቀምሱም?» አለቻት ዙልፋን።

«እኔማ አዛን እስኪል ነው። ደግሞ እርስዎ አትበይኝ፣ ቀበሌ ጉዳይ ላስፈጽም የመጣሁ ይመስለኛል።»

እታፈራሁን ግን ከሳህኑ ያራቃት ደሙ ብቻ አልነበረም። ያለፈው ሳምንት ሽማግሌዎች መጥተው፣ ካሳሁን ከሞተ ወዲህ መርሳ ቤቱ ያስጠጋትን የባሏን ታናሽ ወንድም ገዛኸኝን መስቀል አስጨብጠው፣ እስከ ፋሲካ በአብርሃም ላይ እጁን እንዳያነሳ አስምለውት ነበር። ደሙ የእሷ ነውና እሷም «ይሁን» እንድትል ተጠየቀች። «ይሁን» አለች። በማግስቱ ገዛኸኝ መርሳ ካለው ጋራዡ ውስጥ ሞተር ላይ እንዳጎነበሰ፣ እጁን በናፍጣ ጨርቅ እየጠረገ፣ ሳያያት ተናገረ።

«የማልኩት ልጁ ከጉድጓዱ እንዲወጣ ነው። በገበያው ቀን ሽንኩርት ጭኖ ይወርዳል አሉ። የሚያራግፉት ስድስት ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው።»

«መሐላውስ?»

«አራት ዓመት ሙሉ ‹ከዚህ ቤት ሱሪ የታጠቀ ጠፋ› ስትዪኝ መሐላ ትዝ ብሎሽ ያውቃል? አንቺ ከሴቶቹ ጋር ሂጂ። የት ነበረች ሲባል ውሃ ላይ ይባላል።»

እሷም ሄደች። የልጁ እናት ስም እዚያው ዝርዝር ላይ እንዳለ የሰማችው ዳር ላይ ቆማ ነው። የገበያው ቀን ሁለተኛው ቀን ነበር። ዛሬ።

ከማለዳ ጀምረው ወደ ማዶ ይቀዝፋሉ። በግድቡ መካከል፣ ውሃው ሲሞላ የሰመጡ ግራሮች ደረቅ ጫፋቸውን ብቻ አውጥተው ቆመዋል። ከምዕራብ፣ ከደጋው በላይ፣ የበልግ ደመና እንደ ከሰል ጠቁሯል። ህሊና በራሷ አጭር ታንኳ ከፊት ትሄዳለች፤ የሴቶቹን ስልክ የቆለፈችበት ውሃ የማያስገባ ሳጥን ከእግሯ ሥር አለ።

«እዩአቸው» አለች መቅዘፊያዋን ወደ ኋላ እየጠቆመች። «ከሁላችሁም የእነሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንድም ጊዜ አልተጋጩም።»

እታፈራሁና በላይነሽ ከደሙ በፊት አሥር ዓመት ሙሉ በወንፈል አብረው አርመዋል፤ ዛሬ ያንቺን ማሳ፣ ነገ የኔን፣ ትከሻ ለትከሻ። የአንዷ እጅ ሲነሳ የሌላዋ ይወርዳል። ገላቸው ስለ ደሙ የሰማ አይመስልም ነበር።

ዙልፋ ታንኳዋን አስጠጋች። «በላይነሽ፣ ቤቱን ለማን ትተሽ መጣሽ?»

«ለአብርሃም ነዋ። ደግሞ እሱም ቤት አይውልም፤ ዛሬ ሽንኩርቱን ይዞ መርሳ ይወርዳል። በአራት ዓመት ውስጥ ገበያ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ሌሊቱን ሸሚዝ ሲያማርጥ ያደረ ነው የሚመስለኝ።»

ዙልፋ ዓይኗን ወደ እታፈራሁ ጣል አድርጋ መለሰችና ቀዝፋ ራቀች።

ጥቂት እንደሄዱ በላይነሽ ሳትዞር ተናገረች። ከደሙ ወዲህ በመካከላቸው ያለፈ የመጀመሪያው ቃል ነበር።

«እታፈራሁ። ‹ይሁን› ማለትሽን ሰምቻለሁ። እኔ ብሆን አልልም ነበር። እግዜር ይስጥሽ።»

የእታፈራሁ መቅዘፊያ ውሃውን ስቶ ከታንኳው ጎን ጋር ተጋጨ።

«አታመስግኚኝ» አለች።

«ምነው?»

«አታመስግኚኝ አልኩሽ። ስድስት ሰዓት ላይ ነው አይደል የሚያራግፉት?»

የበላይነሽ ክንድ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ገዛኸኝ ወፍጮ ቤቱ ጋ አለ።»

በላይነሽ ዞረች። ታንኳው ከሥሯ ተወዛወዘ። እታፈራሁ ይህን ፊት በቅርብ ካየችው ቆይታ ነበር፤ አርጅቷል።

«መሣሪያ ይዞ ነው?» አለች በላይነሽ በቀስታ።

«ይዞ ነው።»

መቅዘፊያው ሲነሳ አላየችውም፤ ጆሮዋ ላይ ሲያርፍ ነው ያወቀችው። ዓለም በአንድ ወገን ጸጥ አለ። ሁለተኛው ቅንድቧን ቀደደው። ሦስተኛውን በክንዷ ተቀብላ እንጨቱን ያዘችና ሳበች፤ በላይነሽም ከእንጨቱ ጋር መጥታ ደረቷ ላይ ወደቀች፣ ታንኳውም ሁለቱን ይዞ ተገለበጠ።

ውሃው ቀዝቃዛና ጭቃማ ነበር። እታፈራሁ ከሐዘኑ ወዲህ ጸጉሯን ተሠርታ አታውቅም፤ በላይነሽ ያን ጨብራራ ጸጉር በሙሉ እጇ ጨብጣ ወደ ታች ደፈቀቻት። ጃኬቱ ወደ ላይ ያነሳታል፣ እጁ ወደ ታች ይነክራታል። ጠጣች። አንዴ ብቅ ስትል «ልጄን፣ ልጄን» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ወዲያው ተመልሳ ገባች። በሦስተኛው የበላይነሽ የእጅ አንጓ አፏ አጠገብ መጣ። ነከሰች። ጥርሷ ከአጥንቱ እስኪገናኝ ድረስ ነከሰች፤ አፏ ውስጥ ከውሃው የሞቀ ነገር ገባ። እጁ ሲላላ በጉልበቷ ሆዷን መታቻትና ተላቀቀች።

ያን ጊዜ ነፋሱ ደረሰ። ከኋላው በረዶ አለ፤ የውሃው ፊት እንደሚፈላ ድስት ተንቀጠቀጠ፣ በረዶውም አናታቸውን ይቀጠቅጠው ጀመር። የተገለበጠው ታንኳ በነፋስ ተወርውሮ መጥቶ በላይነሽን ከግራሩ ጋር አጣበቃት። ትከሻዋ አጠገብ ያለው አጥንት እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እታፈራሁ በደህናው ጆሮዋ ሰማችው።

ታንኳው ተንሸራቶ አለፈ። በላይነሽ ግን የጃኬቷ ማሰሪያ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምዶ ፊቷ ውሃ ውስጥ ተደፍቶ ቀረ።

እታፈራሁ አየች። ክንዷን ብትዘረጋ ትደርስባታለች። አልዘረጋችም። እናትና ልጅ በአንድ ቀን፤ ካሳሁን ከዚህ በላይ ምን ይሻል? ሰው «የበረዶ አደጋ ነው» ይላል። እሷም ከግንዱ ጋር ተጣብቃ ቆየች፣ እየቆጠረች የነበረ ይመስል። ከዚያ የበላይነሽን ደህና እጅ አየችው። ፊቷ ተደፍቶ፣ ትንፋሽ አጥታ፣ ያ እጅ ውሃውን ይቀዝፍ ነበር። ወደ መርሳ አቅጣጫ።

እታፈራሁ ማሰሪያውን በጥርሷ በጠሰችው።

ህሊና ስትደርስ አንዷ የሌላዋን አንገትጌ ይዛ ነበር፤ ለማዳን ይሁን ለማነቅ ማንም ሊለየው አይችልም ነበር። ገመድ ወርውራ ሁለቱንም እየጎተተች ማዶ አደረሰቻቸው። የሌሎቹ ሴቶች ታንኳዎች ዳር ላይ ተንጋለዋል።

«ተረጋጉ» አለች ህሊና፣ ራሷ እየተንቀጠቀጠች። «መጀመሪያ በጥልቀት ተንፍሱ። አየሩን ወደ ውስጥ—»

«ስልኬን» አለች በላይነሽ።

«ስልኩ ይደርሳል፤ ትከሻዎት—»

«ዝም በይና ሳጥኑን ክፈቺ» አለች ዙልፋ። «የዚህችን ባል የዚያችኛዋ ባል ገድሎታል። ዛሬ ደግሞ የበላይነሽን ልጅ ሊገድሉባት ነው።» ይህን ስትል ዓይኗ ከእታፈራሁ አልተነሳም፤ ከደሙ ሌላ ሊሆን የሚችል ነገር እንደሌለ የበላይነሽ «ልጄን፣ ልጄን» የሚል ጩኸት ነግሯታል።

ህሊና ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። «ታውቁ ነበር?»

«ሁላችንም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አለች ዙልፋ።

ዳር ላይ ኔትወርክ የለም። ከበላያቸው ባለው ጉብታ ላይ ግን እንደሚገኝ እረኞች ይናገራሉ። ህሊና፣ ዙልፋና ሁለቱ ደመኞች በጭቃው ወጡ፤ የበላይነሽ ክንድ በነጠላ ከደረቷ ጋር ታስሮ። ሁለት ጊዜ ወደቀች። በሁለተኛው ያሰማችውን ድምፅ ህሊና ከሰው አፍ ሰምታ አታውቅም። እታፈራሁ ልትደግፋት እጇን ስትልክ ተፋችባት።

ጉብታው ላይ በላይነሽ ለልጇ ደወለች። ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም አላት ስልኩ። ደገመች። ሠለሰች። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ስልኩን አወረደችና እታፈራሁን ብቻ አየቻት።

እታፈራሁ ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ። ከጀርባው የወፍጮ ድምፅ ይሰማል።

«ለምን ትደውያለሽ?» አለ ገዛኸኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ተወው።»

«ምኑን?»

«ልጁን ተወው። ወደ ቤትህ ግባ።»

«ስሚ፣ ልጁ ፊት ለፊቴ ነው። ከጋሪው ላይ ጆንያ እያወረደ ነው። ዝጊ።»

«ገዛኸኝ፣ በካሳሁን አጥንት ይዤሃለሁ።»

ወፍጮው ብቻ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«በወንድምህ አጥንት ይዤሃለሁ። እጅህን ካነሳህ አጥንቱ ይውጋህ። ደሙ የኔ ነው፤ ለማንም አልሰጠሁም።»

«የኔስ ወንድም አይደለም?» ድምፁ ተሰበረ፤ መልሶም ጠነከረ። «አራት ዓመት በልቼ እንዳልጠግብ፣ ተኝቼ እንዳላርፍ ያደረግሽኝ አንቺ አይደለሽም? በየለቅሶው ‹ወንድም አልባ› እያልሽ በግጥም ያዋረድሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«አሁን ምን ተገኘ? ውሃው አእምሮሽን አጠበው?»

«ይዤሃለሁ ብያለሁ።»

እታፈራሁ ትንፋሹን ትሰማለች። አንድ ሰው ከጀርባው «ጆንያውን ወዲህ» ይላል። የብረት ነገር ወደ አፎቱ ሲመለስ ቀጭ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ የወንድሜ ሚስት አይደለሽም» አለ ገዛኸኝ። «ጓዝሽን ከአስፋልቱ ዳር ታገኚዋለሽ። ደጄን ብትረግጪ ለሱ የያዝኩትን ላንቺ አደርገዋለሁ።» ዘጋ።

አራቱም በረዶው ላይ ቆመው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ የበላይነሽ ስልክ ጮኸ።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሦስት ጊዜ ደውለሻል ይለኛል» አለ አብርሃም። «እዚህም በረዶ ጥሏል፤ ግማሹ ሽንኩርት ረጠበ።»

«ሽንኩርቱን ተወው። አሁኑኑ ወልድያ የሚሄድ መኪና ላይ ውጣ። አጎትህ ቤት።»

«ጋሪውንስ?»

«አብርሃም።»

ድምፅዋን ለየው። «እሺ» አለ። በላይነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም። ረዳቱ «ወልድያ፣ ወልድያ» ሲል፣ በሩ ሲዘጋ፣ ልጇ «ሲሪንቃን አለፍን» እስኪላት ድረስ ያዘችው። ከዚያ ስልኩን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ጎንበስ ብላ በደህና እጇ ድንጋይ አነሳች።

እታፈራሁ አየቻት። ክንዷን አላነሳችም።

ድንጋዩ አፏ ላይ አረፈ። «ይሄ የትናንቱ ነው» አለች በላይነሽ። «ትናንት አጠገቤ ተኝተሽ አደርሽ። ታውቂ ነበር።»

ህሊና ልትገባ ስትል ዙልፋ እጅጌዋን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ፣ ልትገድላት ነው።»

«አትገድላትም። ይሄ አሁን ካልወጣ ሌላ ቀን በሌላ ሰው እጅ ነው የሚወጣው።»

ሁለተኛው ጉንጯን ሰነጠቀው። «ይሄ የዛሬ ጠዋቱ። ሳመሰግንሽ።» ሦስተኛውን ስታነሳ የተሰበረው አጥንት ያዛት፤ ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ፣ እሷም ተከትላው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እታፈራሁ ሁለት ጥርስ ተፋች።

ሲወርዱ ከታንኳዎቹ አንዱን ነፋሱ ወስዶታል። ህሊና ዝናቡ ውስጥ በሴቶቹ ፊት ቆመች። ትከሻቸውንም ክብደታቸውንም አላየችም።

«ማን ከማን ጋር መቀመጥ አይችልም?» አለች። «ይሉኝታ ሳትሉ ንገሩኝ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዲት የውርጌሳ ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔና ይቺኛዋ የድንበር ነገር አለን። ደም ግን አይደለም።»

«እኛ ደግሞ በእህቷ ፍቺ ተጣልተናል» አለች ሌላዋ። «ግን ውሃ ላይ አንጣላም።»

ህሊና እያንዳንዱን ሰምታ እንደገና አጣመረቻቸው። በላይነሽን ራሷ ጋ አስተኛቻት። ለእታፈራሁ ቦታ ፈልጋ ዞር ስትል ሁሉም መቅዘፊያቸውን ያዩ ነበር።

«እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች እታፈራሁ። ቃሉ ባበጠው ከንፈሯ መካከል ተንሻፎ ወጣ።

ዙልፋ ሻሿን አውልቃ አፏን እንድትይዝበት ሰጠቻት። «የት ልትገቢ ነው? መርሳማ አይሆንልሽም።»

«ግራና። የድሮ ቤቴ።»

በላይነሽ ታንኳው ውስጥ እንደተጋደመች ዓይኗን ገለጠች።

«አጥራችን አንድ ነው» አለች፣ ወደ ሰማይ እያየች።

«አውቃለሁ» አለች እታፈራሁ፤ የውሃውንም ዳር ይዛ ወደ ግራና መንገድ ጀመረች።